የጥብስ መተግበሪያው ስድስተኛ ጥያቄ

ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ የሞባይል መተግበሪያ ነዳፊ ለመሆን የበቃሁት በከሰል ምክንያት ነው። ሰባት ጓደኛሞች ነበርን፤ ከፊላችን ደሴ፣ ከፊላችን ኮምቦልቻ እንኖር ነበር። በየሁለት ወሩ አንድ እሑድ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ቢሮ አብሮኝ በሠራው በሐጂ የአትክልት ቦታ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ በግ አርደን፣ በፍም እየጠበስን እንውል ነበር። ቀጠሮ የምንይዘው በመደዋወል ነበር። በ2007 ዓ.ም. መስከረም ላይ አምስት ሰው ጨው ይዞ መጣ፤ ከሰል ያመጣ አልነበረም። ባጃጅ ከከተማ ከሰል ይዞ እስኪመለስ ድረስ አምስት ከረጢት ጨው ከብበን ተቀመጥን።

ዕድሜዬን በዕቅድ ክፍል ያሳለፍኩ ሰው ይህን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ልጄ በኮምፒዩተር ሙያ የምትሠራ ስለሆነች እኔ እንድነድፍ፣ እሷ ኮዱን እንድትጽፍ ተስማማን። ንድፉን በማስመሪያ ሠራሁት። ስድስት ጥያቄዎች ነበሩት፦ ቀን፣ መነሻ ሰዓት፣ ከሰል የሚያመጣ፣ ጨው የሚያመጣ (አንድ ሰው ብቻ)፣ መጓጓዣ፣ በመጨረሻም «አራጁ ማን ይሁን? ሀ. ሙስሊም፣ ለ. ክርስቲያን»። ሁሉም በድምፅ ብልጫ ይወሰናል።

እዚህ ላይ ማብራሪያ ያስፈልጋል። በአገራችን ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ ክርስቲያን ያረደውንም ሙስሊም አይበላም። እኛ ደግሞ አራት ክርስቲያን፣ ሦስት ሙስሊም ነበርን። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለት በግ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ምድጃ ነበረን። ነገሩን አንስተን ተነጋግረን ግን አናውቅም። ያልተጻፈ አሠራር ሁሉ ወደ ቅጽ መግባት አለበት ብዬ ስለማምን አስገባሁት።

«አባዬ፣ አንድ መልስ ብቻ ነው የሚመረጠው?» አለች ልጄ።

«ጥያቄው አንድ ነው፤ መልሱም አንድ ነው።»

«እሺ። ኋላ ግን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ።»

ጥያቄው ለሁሉም ደረሰ። አራታችን ክርስቲያኖች ሙስሊሞቹ እንዳይከፋቸው ብለን «ሀ»ን መረጥን። ሦስቱ ሙስሊሞች ክርስቲያኖቹ እንዳይከፋቸው ብለው «ለ»ን መረጡ። ማንም ከማንም ጋር አልተመካከረም። መተግበሪያውም ቆጥሮ «አራጅ፦ ሙስሊም። በግ፦ አንድ።» ሲል ለሁላችንም ላከ።

በኅዳር የመጀመሪያው እሑድ ከሰሉ በሰዓቱ ቀረበ። ጨውም ልክ ነበር። ሐጂ አረደ፤ ሥጋው ተጠበሰ። አራታችን እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን።

«እናንተ ብሉ እንጂ» አልኩ።

«እኔ ደጅ እንግዳ ጦሙን እየዋለ? ወላሂ አልቀምሳትም!» አለ ሐጂ። ሁለቱ ሙስሊሞችም እጃቸውን ሰበሰቡ። ሰባት ሰው የበሰለ በግ ከብቦ ተፋጠጠ።

ከደሴ አብሮኝ የወረደው ጓደኛዬ «ጌታው፣ ሪፖርቱን ምን ብለህ ልትጽፈው ነው? በግ ታረደ፣ ተጠበሰ፣ ተሸተተ?» አለኝ።

ሐጂ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አየው። «ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንበላ ማን ምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው የለም። ዛሬ ስልክ ጠየቀኝ። ቦታው የእናንተው ነው፤ ኑበት። እኔን ግን ከዝርዝሩ አውጡኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሳም። በሁለተኛው ሳምንት ንድፉን በፋይል ይዤ ኮምቦልቻ፣ ሐጂ ቤት ወረድኩ። በሩን ከፍቶ «ይግቡ፣ እርስዎ» አለኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ ከ«አንተ» ሌላ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ሳልቀመጥ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፤ ስድስተኛውን ጥያቄ በቀይ ቀለም በማስመሪያ ሰረዝኩ፤ ኅዳጉ ላይ ቀን ጽፌ ፈረምኩ። ስርዝ የሚጸናው እንዲህ ሲሆን ብቻ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

መነጽሩን አድርጎ መረመረው።

«ማኅተምስ?»

«ጡረታ ስወጣ አስረከብኩ።»

«በደረሰኝ?»

«በደረሰኝ።»

ወረቀቱን ወደ ፋይሉ መለሰው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሲስቅ ነው። «አብሽር፣ አንተ ጡረተኛ! ተቀመጥ እንጂ፣ ምን ገተረህ?» አለኝ።

ልጄ መተግበሪያውን ያለ አስተያየት አስተካከለች። በሚቀጥለው ቀጠሯችን፣ ሁለቱም ምድጃዎች ነደው ሁላችንም ከበላን በኋላ፣ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። ውሳኔው፦ ስድስተኛው ጥያቄ ተሰርዟል፤ ሁለቱ በጎች ለድምፅ አይቀርቡም፤ ከሰል እስከ መጨረሻው ነዳፊው ያመጣል። ሐጂ ቀድሞ ፈረመ፤ ስድስታችን ተከተልን። ቦርከና ዳር፣ ጥር 17 ቀን 2007 ዓ.ም.።