ከበሮው ከቤቱ አልወጣም

ሐረር ውስጥ፣ በፈላና በር በኩል ሲገባ የእኛ ቤትና የጎረቤቴ ቤት አንድ የድንጋይ ግንብ ይጋራሉ። የእኔ አያት ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ወታደር ነበሩ፤ የእሷ ቅድመ አያቶች ግን የጀጎል ግንብ ከተገነባ ጀምሮ እዚሁ የነበሩ ናቸው። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ክራር ግን እመታለሁ፣ እዘፍናለሁም። አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር በማሲንቆ፣ ከጎንደር ተመድበው የመጡ መምህር በአኮርዲዮን፣ ሦስታችን በየሰርጉና በየክርስትናው እንጫወት ነበር። መምህሩ ወደ ጎሬ ተዛወሩና ተበተንን። ክራሬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ጠጣ።

መልሼ ያወረድኩት በጎረቤቴ ምክንያት ነው። ከሰዓት በኋላ ስፌቷን ይዛ ግቢዬ ትመጣለች። የልጇ ሰርግ የቀረበ ጊዜ ከበሮዋንም ይዛ መጣችና አንድ ምት ሞከረች። እጄ ሳላስበው ክራሩን ፈለገ። በዚያው ቀጠልን። ስለ ቦኖ ውሃ ወረፋ አንድ ዘፈን አወጣን፣ ዝናብ ስለሚጠብቁ ሚስቶችም ሌላ። ምቱ ሁሉ ከእሷ እጅ የወጣ ነው፤ እኔ ግጥሙን ነው ያለበስኩት።

መምህሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሐረር ተመለሱ። ግቢዬ ተቀምጠው ሲሰሙን አኮርዲዮናቸውን ለማምጣት እየሮጡ ሄዱ። ባለማሲንቆውም ተጠሩ። ሁለቱ ወንዶች ቤቷ በልተው የጠጡ ስለሆኑ እነሱ ፊት ከበሮ ለመምታት አላፈረችም። ከዚያ መምህሩ ማናችንንም ሳይጠይቁ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ አስፈቀዱና የድሮው ቡድን በአዲስ ዜማ መመለሱን የሚናገር ማስታወቂያ በየበሩ አስለጠፉ።

ጎረቤቴ ስትሰማ ስፌቷን እንኳ አላስቀመጠችም። ከበሮዋን የምትመታው ለምታውቀው ሰው እንደሆነ፣ አዳራሽ ሙሉ እንግዳ ወንድ ፊት እንደማትቆም ነገረችን። መምህሩ ግድ የለም አሉና ከጦር ሰፈሩ የማርሽ ባንድ አንድ ከበሮ መቺ አመጡ። ራሷ አስተማረችው፤ ጉልበቷን በመዳፏ እየመታች፣ ሳትሰለች። ልጁ ትሑት ነበር፤ ሆኖም እጁ የለመደው ሰልፍ ነው። የውሃ ወረፋው ዘፈን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ይል ጀመር።

ማሲንቆውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና፣ «እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ» አሉ ወታደሩ። «ደግሞ ማን አሰለፈኝ?»

ያኔ እንደማልዘፍን ተናገርኩ። መምህሩ ፊታቸው ጠቆረ።

«እትዬ፣ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ለአንድ ሰው ብለን እንተወው?»

«ዘፈኑ የማን ሆነና ነው አንድ ሰው የሚሏት? እሷን አስቀርቼ አፌን አልከፍትም።»

እሳቸውም ባዶ ነገር አልተናገሩም። ዘፈኑ ከግቢዬ ካልወጣ ማን ይሰማዋል አሉኝ። መላ የመታሁ መስሎኝ፣ መድረኩ ላይ መጋረጃ ተጋርዶላት ከኋላው እንድትመታ ለጎረቤቴ ነገርኳት። አየችኝ፤ አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ምን ሰርቄ ነው ከመጋረጃ ኋላ የምደበቀው?»

ከበሮዋን አንስታ ወጣች፤ ግቢዬንም ሳትረግጥ ሰነበተች። አዳራሹ የተያዘበት ቀን እየቀረበ ነበር። ክራሬን መልሼ ሰቀልኩት።

አንድ ጠዋት በግንቡ ላይ ጠራችኝ። ባሏን አማክራ ጨርሳለች። «ሰዎቹ እኔ ቤት ይምጡ» አለች። «ቤቴ ውስጥ ክፍሌ አለኝ። እዚያ ተቀምጬ ብመታ ማንም ተደበቀች አይለኝም።»

መምህሩን ለማሳመን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ዳይሬክተሩና የክብር እንግዶች እንዴት በዚያ ጠባብ መንገድ ይመጣሉ ሲሉኝ፣ እኛ ስንት ዘመን በእግራችን አልሄድንበትም ወይ አልኳቸው። አኩርፈው ሄዱ። በማግስቱ ግን ማስታወቂያውን ሁሉ በገዛ እጃቸው ሲነቅሉና አዲስ ሲለጥፉ አየኋቸው፤ ለዚህም አከብራቸዋለሁ።

በዕለቱ ወንዶቹ ግቢውን ሞሉት፣ የተረፉት ጣሪያ ላይ ወጡ። ሴቶቹ ጫማቸውን አውልቀው በቀዩ መደብ ላይ ተደራረቡ። እኛ ሦስታችን በሩ አጠገብ ተቀመጥን። እሷ ኪርታት በሚሉት የጎን ክፍል ውስጥ ነበረች፤ በእንጨቱ ፍርግርግ ታየናለች፣ እኛ አናያትም። መምህሩ የሚያስጀምሩን ራሳቸውን ነቅንቀው ነበርና እንደ ልማዳቸው ነቀነቁ። ከበሮው አልተሰማም። ደግመው ነቀነቁ። ሴቶቹ ሳቁ።

ከበሮው የተነሣው እሷ ሲመቻት ነው፤ ከልምምዳችንም ይልቅ ፈጥኖ። ሮጠን ደረስንበት። መምህሩ መጨረሻውን በአኮርዲዮን ሊጎትቱ ሲሉ እሷ ሁለተኛውን ዘፈን ጀምራዋለች። ላባቸው እየወረደ ተከተሏት። ከዚያ በኋላ ራሳቸውን መነቅነቅ ተዉ፤ ጆሯቸውን ወደ ፍርግርጉ አዘንብለው ተጫወቱ። እንዲያ ሲጫወቱ ሰምቻቸው አላውቅም።

ሰው ሲበተን ዳይሬክተሩ መጥተው መምህሩን ጨበጧቸው፤ የሚቀጥለው በአዳራሹ መብራት ቢሆን ምን ይመስልዎታል አሏቸው። መምህሩ እኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ፍርግርጉ ጠቆሙ።

«እኔን አይጠይቁኝ። የዘፈኑ ባለቤት እዚያ ናት።»

ዳይሬክተሩ ጥያቄያቸውን ወደ እንጨቱ ዞረው መድገም ነበረባቸው።

«አዳራሹ ይቅርብኝ» አለች ከውስጥ። «አግዳሚ ወንበሮቹን ግን ይላኩልኝ። መደቤ አልበቃም።»