የማዳም የአይብ ፏፏቴ

ማዳም ስለ አይብ ፏፏቴው ሊነግሩኝ የመጡ ዕለት መቆም አቅቶኝ ነበር። ገንዳ ውሃ ከተማ የከፈትኳት ትንሽ ምግብ ቤት ቀኑን ሙሉ አታስቀምጠኝም። የማሽላ አጨዳ በደረሰ ጊዜማ ከደጋ የወረደው ሠራተኛ ሁሉ ይጎርፋል።

ካርቱም ሳለሁ እሳቸው ቤት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ጦርነቱ ሲነሳ እኔ ቀድሜ በመተማ በኩል አገሬ ገባሁ፤ እሳቸው ከወራት በኋላ የመጨረሻ ልጃቸውን ይዘው ተሻገሩ። ገበያ መሃል በስሜ ሲጠሩኝ ድምፃቸውን ወዲያው ለየሁት፤ ፊታቸውን ግን ቆሜ ማየት ነበረብኝ። ያን ሁሉ ግቢ ያዝዙ የነበሩት ሴት አሁን አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት።

«ልጄ ልታገባ ነው» አሉኝ በአረብኛ። «በእህቶቿ ሰርግ ያፈሰስሽውን አይብ ለሷም አድርጊላት።»

«ማዳም፣ መሣሪያው የት አለና? አይቡስ?»

«እሱን አብረን እንፈልጋለን።»

እምቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ሌላ ቃል ወጣ። «እሺ» አልኩ።

መሣሪያውን ጎንደር ያለ የሰርግ ዕቃ አከራይ በሚኒባስ ላከልን። ባለ ደረጃ ብረት ነው፤ መሃሉ ላይ የሚሽከረከረው ጥምዝ ዘንግ የቀለጠውን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ከጫፉ እየፈሰሰ ይወርዳል። የተሠራው ለቸኮላት ስለሆነ ወፍራም ነገር አይችልም።

መጀመሪያ ከሽንፋ የመጣ ያገራችንን አይብ ሞከርኩ። እሳት ሲነካው እንደሚደርቅ አውቃለሁ፤ ወተት ባበዛበት ይሻለው ይሆናል ብዬ ነው። ብጥስጥስ ብሎ ድስቱ ሥር ተቀመጠ። ቀጥሎ ሱዳኖች ጅብና የሚሉትን፣ ጨው ውሃ ውስጥ የሚቀመጠውን ነጭ አይብ ከማዳም ጎረቤት ገዛን። ውሃ እየቀያየርኩ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ለሰሰ እንጂ አልፈሰሰም። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው ዓይነትስ ቀለጠ፤ ግን እንደ ማስቲካ እየተሳበ ዘንጉ ላይ ተጠመጠመና ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። ሶኬቱን ነቅዬ ተቀመጥኩ። እንደገና ማጠብ ነው፣ እንደገና መፈግፈግ።

በዚያ ላይ የነቢያት ጾም ገብቷል።

«ቅመሺው እንጂ» ይሉኛል ማዳም።

«ጾም ነው፤ አንቱ ይቅመሱልኝ።»

«እኔ መቼ አብስዬ አውቃለሁ?»

«ጨው በዝቶ እንደሆን ብቻ ይንገሩኝ።»

ማንኪያውን ተቀብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ቀመሱ። ከዚያ ወዲያ ከድስቱ አጠገብ አልተለዩም። እኔ አማስላለሁ፣ እሳቸው ይቀምሳሉ። ስንት ዓመት አብስዬላቸው፣ አንድ ምድጃ ፊት አብረን ስንቆም ያ የመጀመሪያችን ነው።

በመጨረሻ በካርቶን የታሸገ ለስላሳ ቺዝ ከጎንደር አስመጣን። ጨው የወጣለትን ጅብና አድቅቄ ጨመርኩበት። ትንሽ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ወተት በጥብጬ፣ በዝግተኛ ከሰል ላይ ለብ ያለ ወተት እየጨመርኩ አማሰልኩት። ከማንኪያው እንደ ቀጭን አጥሚት ሲወርድ ማዳም ቀምሰው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ክንዴ ዝሎ ስለነበር ደስ ማለቱም አልመጣልኝም።

የሰርጉ ቀን ማዳም ክፍል በተከራዩበት ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሎ ፏፏቴው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ዙሪያውን ዳቦና ቅቅል ድንች ደረደርን። አይቡ መፍሰስ ሲጀምር ሴቶቹ እልል አሉ። ወዲያው ግን ለሙቀቱ ያቆምነው ትልቅ ማራገቢያ ወደኛ ዞረና ነፋሱ አይቡን በተነው፤ የሙሽራውን አክስት ልብስ ነካው፣ የቀረውም ቆዳ እያበጀ መወፈር ጀመረ።

ማዳም ሄደው ማራገቢያውን በእጃቸው አጠፉት። በቆላው ሙቀት ሰው ሁሉ በላብ ተዘፈቀ። አይቡ እንደገና ወረደ። ሙሽራዋ ዳቦ ነክራ ጎረሰችና ማኘኳን አቆመች።

«እማ፣ የቤታችን ጣዕም ነው» አለች፤ እንባዋ መጣ። ደግማ ጎረሰች። ከዚያ እየሳቀች «በቃ ቀመስን፣ ማራገቢያውን አብሩት፣ ሰው አለቀ!» አለች።

የተረፈውን ድስት ላይ ገለበጥኩት፤ እንግዳው ድስቱን ከቦ እያጠቀሰ ጨረሰው።

በማግሥቱ ደረጃዎቹ ላይ የደረቀውን አይብ በሙቅ ውሃ እያላቀቅሁ ሳለ ማዳም ገቡ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ዘንጉን ያዙና መፈተግ ጀመሩ። አያያዙን አያውቁበትም፤ ግን አልቀማኋቸውም።

«ደከመሽ?» አሉኝ።

«ደከመኝ፣ ማዳም።»

«እኔንም» አሉና በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።