ከኮርኒስ የሚወርዱ ፊደሎች

ዛሬ ጠዋት ኮርኒሱ ውስጥ አይጥ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁና መካኒሳ የነበረው ቤታችን ትዝ አለኝ።

አስራ አንድ ዓመቴ ነበር። ወጣት ለውትድርና እየታፈሰ ስለነበር ታላቅ ወንድሜ ኮርኒስ ውስጥ ተደብቋል። ሲሰለቸው ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ ብጣሽ ወረቀት በቀዳዳ ይጥልልኛል። እኔ ሦስቱም ያሉበትን ረጅም ቃል እፈልጋለሁ። የዚያን ቀን ቲ፣ አር እና ኤን ነበሩ። ደብተሬን ከሸፈንኩበት የእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ «ኢንተርናሽናሊዝም» የሚለውን አግኝቼ ስጽፍ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ገባ።

«እትዬ፣ ልጁስ?»

«አክስቱ ጋ ገጠር ሄዷል አልኩህ እኮ» አለች እናቴ።

ደብተሬን አነሳና በጣቱ ቆጠረ። «አስራ ስድስት ፊደል! አንተ ማሙሽ፣ ልታስተምረን ነው እንዴ? ማን ነው የሚያስጠናህ?»

ቀና ብዬ ወደ ላይ አየሁ። እሱም አየ።

ወንድሜ አቧራ ለብሶ ወረደ። ሲወስዱት ደብተሬን አየት አድርጎ «አሸነፍከኝ» አለኝ። ማታ እናቴ ለጎረቤት «አፉማ ምንም አላለም» ስትል ሰማሁ። ስለ እኔ መሆኑ ያኔ አልገባኝም።

መርዶው በዓመቱ መጣ። እኔ አሁንም ሰው ሲያነጋግረኝ መሬት መሬቱን አያለሁ። መሥሪያ ቤት ዓይን አፋር ነው ይሉኛል።