የዓርቡ ጨው የማን ነው?

ኣብረሀት ከማንም ጋር ትስማማለች፤ በጾሟ ከመጡባት ግን አበቃ። ሲያትል መሀል ከተማ፣ መቶ ዓመት ባለፈው የጡብ ሕንፃ ሥር፣ የፖላንዳዊቷ የእማማ ዳኑታ ምግብ ቤት ነበር። አዲስ አበባ ያደገችው ኣብረሀት እ.ኤ.አ. በ2001 ዕቃ አጣቢ ሆና ገባች። በዓመቱ የእማማ ዳኑታ ወገብ እንቢ ሲል ጭልፋው እሷ እጅ ገባ፤ ቤቱ እስኪዘጋ፣ እስከ 2012፣ ከእጇ አልወጣም።

ቤቱን ያስጠራው የቀይ ሥር ሾርባው ነው። ረቡዕ ቤቱ ዝግ ነው፤ ዓርብ ግን ጾም ነውና፣ አጥንት ስላለበት ኣብረሀት አትቀምሰውም፤ በአፍንጫዋ ብቻ እየመዘነች ታወጣዋለች፤ ጨውም ይበዛበታል። እማማ ዳኑታ በመጀመሪያው ዓርብ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ቅመሺ እንጂ፣ ልጄ!"

"አልቀምስም። ከፈለጉ ያባርሩኝ።"

አላባረሯትም። ሶዶ ከሚባለው የሲያትል ሰፈር የሚመጡ የመጋዘን ሠራተኞች ያንን ጨዋማ ሾርባ በቢራ እያወራረዱ ድገሚን አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ወንበር ጠፋ። እማማ ዳኑታ በሣቅ እየተንፈቀፈቁ ከየገበታው ባዶ ሳህን ይሰበስቡ ነበር። ደግ ሴት ነበሩ፤ የኣብረሀት ልጅ ኣይዳ ልደቷን ያከበረችው ሁሌም እዚያው ነው። ኣብረሀት ዛሬም ስማቸውን ስታነሳ እንባዋ ይቀድማታል።

በ2016 ሕንፃው ታድሶ፣ ለድሮ ደንበኞች የትዝታ ግብዣ ተጠራ። ኣብረሀት ኣይዳን አስከትላ ሄደች። ግድግዳው ላይ ስለ ሾርባው የሚያወራ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ኣይዳ አነበበችላት፦ "በፖላንዳዊት አያት እጅ የተሠራ። ዓርብ ጨው የሚበዛው በጥንቱ የክራኮቭ ልማድ ነው።"

የምን ክራኮቭ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ዐሥር ዓመት ሙሉ ክንዷን እንፋሎት የላጠው ለክራኮቭ ነበር እንዴ?

"ማሚ፣ ፕሊስ፣ ሰው እያየን ነው። ሌት ኢት ጎ፣ ተዪው በቃ" አለች ኣይዳ እያፈረች።

"ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ዝም ብዬ ነቀዝኩ!"

ቀጥ ብላ ወደ ግብዣው አዘጋጅ ሴትዮ ሄዳ፣ ሾርባውን የሠራችው ራሷ መሆኗን፣ ጨው የሚበዛውም ስለማትቀምስ መሆኑን ነገረቻት። ሴትዮዋ በትሕትና ፈገግ ብላ ማስረጃ እንዳላት ጠየቀች። ኣብረሀት ወደ ደንበኞቹ ዞረች።

"በየዓመቱ ሜይ ላይ የዓርቡ ሾርባ እንዴት ነበር?"

"ጨው አልነበረውም!" አሉ አንድ ሽማግሌ። "ሳምንታት ሙሉ! በየዓመቱ እናማርር ነበር፤ ምክንያቱን የነገረን ግን የለም።"

"ከፋሲካችን በኋላ ሃምሳ ቀን ዓርብን አንጾምም" አለች ኣብረሀት። "ስለዚህ እየቀመስኩ ጨውን እመጥን ነበር። ክራኮቭ ይሄን ያውቃል?"

ቤቱ በሣቅና በጭብጨባ ተናጋ። ሴትዮዋ ቀልታ ከቦርሳዋ ማርከር አወጣች፤ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ "በአፍሪካዊት ረዳት እገዛ" ብላ ጨመረች።

ኣብረሀት አፏን ሳትከፍት ኣይዳ ማርከሩን ከሴትዮዋ እጅ ወሰደችው። "ረዳት" የሚለውን ከነመስመሩ ድምጥማጡን አጠፋችና፣ "ያበሰለችው ኣብረሀት ናት" ብላ በትልልቁ ጻፈች።

"ይሄ እኮ አይለቅም!" አለች ሴትዮዋ ደንግጣ።

"ኤግዛክትሊ" አለች ኣይዳ።