የአስታው ፒፓና የሐጂ መድኃኒት

ሊወስዱኝ የመጡ ዕለት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ፒፓ በሰም እየወለወልኩ ነበር። ቀትር ነው። ቤቴ ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ናት፤ አጥሯ ቆርቆሮ ስለሆነ ሲያንኳኩ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ገቡ። ኮምፒውተሬን ወሰዱ፣ ስልኬን ወሰዱ፣ ከዚያ አንደኛው የፒፓ ሣጥኔን ከፈተና «ይሄስ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ፒፓ ነው።»

«ሐሺሽ ታጨስበታለህ?»

«እኔ ትምባሆም አላጨስ» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ማጨስ ካቆምኩ ቆየሁ። ፒፓ የምሰበስበውና የምሠራው ለእጄና ለዐይኔ ነው። ይህን ለዚያ ሰውዬ ማስረዳት ግን ለግድግዳ መናገር ሆነብኝ። ሣጥኑ «ኤግዚቢት» ተባለና አብሮኝ መኪና ላይ ወጣ። ጥፋቴ የሰፈራችን ግማሹ ሲፈርስ ፌስቡክ ላይ የጻፍኳት አንዲት አጭር ጽሑፍ ነበረች። ፒፓዎቹ ምን እንዳጠፉ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ያስገቡኝ ወደ ሲ.ኤም.ሲ አቅጣጫ፣ ድሮ መጋዘን የነበረ ግቢ ውስጥ ነው። የክፍሉ ግድግዳ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ለቅጽበት ደስ ሊለኝ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳይ በረሮ ከነእግሯ፣ ከነቀንዷ ቀለሙ ውስጥ ተጣብቃ ቀርታለች። እርጥበቱን፣ ሰው በጥፍሩ የጫረውን፣ የማላውቀውን ቡናማ ነጠብጣብ ሁሉ ሳያጥቡ ሳይፍቁ ከላይ ለቅልቀውታል። ኤጭ! ጥግ ላይ የተቀመጠው ባልዲ እንኳ ያን ያህል አላስጠላኝም፤ ባልዲ ቢያንስ ባልዲነቱን አይደብቅም።

ፍራሻቸውን ግማሹን ለቀው ያስቀመጡኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ክፍሉ በሙሉ «ሐጂ» ነው የሚላቸው። መሪ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ አላቸው። የተያዙት ልጃቸው ተፈልጎ ስለታጣ ነው። ልጁ ሲጠፋባቸው አባቱን ይዘው ሄዱ፤ በቃ። ስኳር አለባቸው፤ ጧትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ሴት ልጃቸው በሰማያዊ ፔርሙስ፣ በረዶ ጨምራበት፣ ከምግቡ ጋር በር ላይ ታደርስላቸው ነበር።

ሐጂ ሥራዬን ሲሰሙ ሳቁብኝ።

«ሰው ለጢስ ይሄን ያህል ይለፋል? ወይ ጉድ!»

ስለ አስታ አጫወትኳቸው። እንጦጦ ላይ፣ ከራጉኤል ጀርባ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው፣ አስታ የሚባል ቁጥቋጦ አለ። ፈረንጅ ውድ ፒፓ የሚሠራው ከዚሁ ዛፍ ሥር ነው፤ ከአፈሩ በታች የሚያብጠው ጉጥ እሳት አይበላውም። እኔ መንገድ ሲቆፈር ተነቅሎ የተጣለውን እለቅማለሁ፣ ምሬቱ እስኪወጣ እቀቅላለሁ፣ ክረምትና በጋ ጥላ ሥር አደርቀዋለሁ። ከሣጥኑ ውስጥ የምወደው አንዱ እንዲህ የሠራሁት ነው። ጎኑ ላይ ሥሩ ሲያድግ ጠጠር የያዘበት ትንሽ ጠባሳ አለ። አልደፈንኩትም። ሰዎች የሚሠሩት ነውር ይሄ ነው፤ ጠባሳውን በስቱኮ ይደፍኑና በቫርኒሽ ያብለጨልጩታል፣ ገዢው የእንጨቱን መስመር ሳይሆን የራሱን ፊት ያያል። ያንን የመሰለ ፒፓ በእጄ ስይዝ ሌላ ሰው ያኘከው ማስቲካ የያዝኩ ይመስለኛል። ጥሩ ፒፓ በሰም ብቻ ይወለወላል፣ እንጨቱ ይተነፍሳል፣ ሆዱ ማለትም ትምባሆው የሚሞላበት ደግሞ እንደተቦረቦረ ጥሬውን ነው የሚተወው።

«አንተ ደግሞ ታካብዳለህ» አሉኝ ሐጂ፤ ግን ሰሙኝ። የዚያን ጊዜ ሳቃቸው ገና ጉልበት ነበረው።

ከዚያ አዲስ ተረኛ መጣና «መርፌ ክልክል ነው» ብሎ ፔርሙሱን በር ላይ አስቀረው። ሐጂ ያን ቀን ሙሉ ውሃ ሲጠጡ ዋሉ። በማግስቱ ጧት ትንፋሻቸው እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ሸተተኝ። ምላሳቸው ተጣብቆ ሲያወሩ ይንቋቋል። በሩን ደበደብን፤ ተሰደብን። እዚያው በር ላይ እያለን ነው እኔን የጠሩኝ።

ግቢውን ሳቋርጥ የዋናውን በር እንጨትና ብረት ሁለት ሰዎች ቫርኒሽና ቀለም ይቀባሉ፤ የሆነ ትልቅ ሰው ከምሳ በኋላ ይመጣል አሉ። በጥበቃው ክፍል መስኮት ላይ ደግሞ ያቺ ሰማያዊ ፔርሙስ ክዳኗ ተነሥቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ደሜ ፈላ፤ ግን እጄን ይዘው ነበር የሚነዱኝ።

የግቢው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ሣጥኔ ተከፍቷል። ኃላፊው ፈገግ ብሎ የአስታውን ፒፓ አነሣና ዘረጋልኝ።

«እስቲ እየው፤ እኔ ራሴ ነኝ ያሳመርኩት።»

የበሩን ቫርኒሽ ነው የለቀለቀበት። ከዳር ዳር እንደ ተላሰ ከረሜላ ያብለጨልጫል። አንድ ቦታ ላይ ከብሩሹ የወደቀ ፀጉር ተጣብቆ ቀርቷል። ጠባሳውን በስቱኮ ደፍኖታል። የሚጎረሰው ዘንግ ከእንጨቱ በሚገጥምበት ቫርኒሹ ወርዶ ተጓጉሏል። ከሠራው እጅ በቀር ሌላ ሰው የነካው አይመስልም ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ሰው የላሰው ነገር ሆነብኝ።

«አለቃዬ ፒፓ ይወዳሉ። ዛሬ ሲመጡ እሰጣቸዋለሁ፤ እዚሁ ነው የሚለኩሱት። እንዴት ነው ታዲያ?»

ወደ ሆዱ አየሁ። ውስጡንም ቀብቶታል። ታች ድረስ፣ ድርብ አድርጎ።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ያ ቫርኒሽ እሳት ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፣ ጢሱ ጉሮሮ ይልጣል። «ግሩም ነው» ብዬ ብወጣ አለቅየው በሰው ፊት እያሳለ ሲተፋ፣ ይሄኛው ደግሞ የሚገባበት ሲጠፋው ታየኝ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ። ግን ፔርሙሷ ከዐይኔ አልጠፋችም።

«ኮማንደር፣ ይሄን የለኮሰ ሰው መርዝ ነው የሚጠጣው» አልኩት። «ውስጡን ቀብተውታል። ውስጡ አይቀባም።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ሰዓቱን አየ።

«ታዲያ አስተካክለዋ! ምን ትገተራለህ?»

«የሐጂ መድኃኒት ይግባ።»

«ትደራደረኛለህ? እኔን?»

«የለም። እሳቸው እንደዚያ ሆነው እጄ ሥራ አይሠራም።»

እጆቼን ብብቴ ሥር ከተትኩ። ጮኸ። ጠረጴዛውን መታ። ምን ያላለኝ ነገር አለ፤ እናቴንም አልማረም። እጄን ግን አላወጣሁም። በመጨረሻ በሩን ከፍቶ «ያንን የሽማግሌ ኮተት ስጡት!» ብሎ አምባረቀ። ሲወጉ በዐይኔ ካላየሁ አልኩት። «ውሰዱት፣ አሳዩት!» አለ፤ ከእኔ ይልቅ ሰዓቱን ነበር የፈራው።

ከፖሊሱ ጋር የክፍላችን በር ላይ ቆምኩ። ሐጂ ብልቃጡን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት። ነቅነቅ አደረጉት። ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩ፤ ከጎኔ የቆመውን ፖሊስም አዩ።

«ቢስሚላህ» ብለው ሆዳቸው ላይ ወጉት። «አላህ ይስጥህ ወንድሜ። ሂድ በቃ።»

ተመለስኩና ቃሌን ጠበቅኩ። ቢላ አይሰጡኝም፤ የሻይ ማንኪያ ሰጡኝ። በማንኪያው ጫፍ ፋቅኩ፣ ከዚያ ከቀለም ቀቢዎቹ በመጣ ብርጭቆ ወረቀት ጣቴን አስገብቼ ጥሬው እንጨት እስኪወጣ አሸሁት። ለለኳሹ ብዬ አይደለም። በእኔ እጅ አልፎ የሰው ሳንባ የሚበላ ነገር እንዲወጣ አልፈልግም፤ ሳንባው የማንም ይሁን። ውጩን አልነካሁትም።

«ውጩስ? ያቺን ፀጉር አታወጣትም?»

«ውጩ የእርስዎ ሥራ ነው።»

«የማን ሥራ ነው ቢሉኝ?»

«ያው፣ የእርስዎ ይበሉ።»

ከምሳ በኋላ አለቃው መጣ። ክፍላችን ድረስ ጥሩ ትምባሆ ሸተተ፤ ሳቅም ተሰማ። እኔ ሐጂን ነበር የማየው። ይሻላቸዋል እያልኩ ብጠብቅ ጭራሽ ዐይናቸው መገለጥ አቃተው። አመሻሹ ላይ ስጠራቸው አልመለሱልኝም። በሩን ሁላችንም አንድ ላይ ደበደብን። ትልቁ ሰው ገና ግቢ ውስጥ ስለነበር መሰለኝ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወጧቸው። ወደ ክፍሉ አልተመለሱም። ይሙቱ ይዳኑ የሚነግረን ጠፋ።

እኔ ስፈታ ሣጥኔን መለሱልኝ። ኃላፊው ሥራውን ወዶት ነው መሰል፣ የቀሩትንም በሙሉ ቫርኒሽ ቀብቷቸዋል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰበሰብኳቸው ናቸው። አንዱን አውጥቼ አየሁና መልሼ ከተትኩት፤ ሣጥኑን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። «ትረሳዋለህ እንዴ?» ሲለኝ ሰምቻለሁ። ዞር አላልኩም። እስካሁን ቫርኒሽ የሚሸት ሱቅ አጠገብ ሳልፍ ምራቄን እተፋለሁ፤ ሰው ይታዘበኛል፣ ይታዘበኝ።

ሐጂ በሕይወት እንዳሉ የሰማሁት በቅርቡ ነው። መሪ ሄድኩ። ሱቃቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የለም። ተቃቀፍን። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ስኳር እየመዘኑ፣

«ያ መድኃኒት እኮ ተበላሽቶ ነበር» አሉኝ።

«የቱ?»

«ያስገባኸው ነዋ። ፀሐይ መትቶት። ብርሃን ላይ ሳነሣው ነጭ ነጭ ነገር ይንሳፈፍበታል፤ እንደ ተበጣጠሰ ወተት።»

«አውቀው ነው የወጉት?»

«አዎን።»

«ለምን ሐጂ? ለምን አልነገሩኝም?»

ሚዛኑን አስቀመጡት።

«በር ላይ ቆመህ ታየኝ ነበራ። መልክህ መልክ አልነበረም። አይረባም ብልህ ያን ሰውዬ እንደገና ልትለምን ነው። እንደገና እንድትለምነው አልፈለግኩም።»

ደንበኛ ገባና ሳሙና ጠየቀ። ሐጂ መደርደሪያውን ተደግፈው በአንድ እግራቸው ተነሡ፤ ልረዳቸው እጄን ብዘረጋ ገፉኝ።

ያን ቀን ተደራድሬ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነው የኖርኩት። ለሰው ስተርከውም እንደዚያ ብዬ ነው። ሐጂ ግን ከፍራሻቸው ላይ ሆነው ያዩት በር ላይ የቆመ ለማኝ ነበር። ያ ለማኝ ተመልሶ እንዳይለምን ብለው ነው፣ እየሞቱ፣ ውሃ የሆነ መድኃኒት የተወጉት።