ክዳኑ ላይ ያየሁት ጠብታ

ልጅ ሳለሁ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ያስተማረኝ ጎታ ጀርባ ተደብቆ የሚኖር ሰው ነበር፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ አበጀ። ለብሔራዊ ውትድርና እንዳይወስዱብን፣ ቢቸና ውስጥ ለጠየቀን ሁሉ «ሞጣ ሄዷል» እንል ነበር። ቀን ቀን ሳሉን በጋቢው አፍኖ ይውላል፤ ሲመሽ በሩ ተቀርቅሮ ኩራዙ ሲበራ ከጓዳ ይወጣና ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ፣ ጭሱ ዓይኑን እያስለቀሰው ተረት ይነግረኛል።

አንድ ምሽት ተረቱ ስለ አንዲት የውኃ ጠብታ ሆነ። ፍሙ ላይ ድስት ጥዶ ውኃው ሲፈላ ቀዝቃዛ ክዳን ከደነበት።

«ድስቱ ዓባይ ነው፣ ክዳኑ ጮቄ ተራራ። ጠብታዋ የዓባይ በረሃ ሙቀት ሲበዛባት ወደ ላይ ትሸሻለች፤ ጮቄ ላይ ብርዱ ይይዛትና ወደ ቤቷ ትወርዳለች» አለኝ።

ክዳኑን አንስቼ አዘነበልኩት፤ ጠብታዎቹ ተንከባለው ድስቱ ውስጥ ገቡ።

«ጠፍታ ብትቀርስ?»

«አትጠፋም። አትታይም እንጂ አለች፤ እንደ እኔ» ብሎ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

በማግስቱ አስተማሪያችን ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀችን። እጄን አውጥቼ የማላውቅ ዓይን አፋር፣ ያኔ ተነስቼ ድስቱንና ክዳኑን በሁለት መዳፎቼ አሳየሁ።

«ጎበዝ! ማን አስተማረሽ?»

«ጋሼ አበጀ።»

ፊቷ ተለወጠ። «አምና፣ ሞጣ ሳይሄድ ነዋ» አለችኝ ቶሎ ብላ። መውጫ እየሰጠችኝ እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ግን የተሳሳተ ነገር ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም ነበር።

«አይ ቲቸር፣ ትናንት ማታ ነው።»

ከኋላዬ የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ፣ «ውይ፣ ሞጣ ለካ እናንተ ጓዳ ናት!» ብላ ሳቀች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አብዮት ጠባቂዎች መጡ። ጎታውን ገፍተው ሲያወጡት ጋሼ አበጀ ወደ እኔ አላየም። ወደ ሰሜን ተላከ አሉን፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤም፣ መርዶም አልመጣም።

እናቴ ማን እንደተናገረ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ውኃ ዑደት ስማር፣ መጽሐፉ ከዚያ ምሽት የተለየ ነገር አልነበረውም። ጋሼ አበጀ የነገረኝ ሁሉ ትክክል ነበር፤ «እንደ እኔ» ካላት በቀር።