በስሜ የተጠራችው ቀላዋጭ ጉንዳን

ደብዳቤው የደረሰኝ በደርግ ጊዜ፣ ድሬዳዋ ባዮሎጂ አስተምር በነበረበት ወቅት ነው... አስተማሪዎች ማረፊያ ቆሜ ከፈትኩት። «ጉንዳኗ እስከ ዛሬ የማትታወቅ ዝርያ ናት። በአግኚዋ ስም ሞሚና ብለናታል» ይላል።

ደቻቱ ወንዝ ዳር ድንጋይ ገልብጬ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ትልልቅ ጉንዳኖች መሀል አንዲት ሚጢጢ ንግስት... የራሷ ሠራተኛ የላትም፣ እነሱ ያጎርሷታል፣ ልጆቿንም ያሳድጉላታል። ወር ሙሉ እየተመላለስኩ አየኋት። ከዚያ ልጆቿን እዚያው ትቼ፣ እሷን በፔኒሲሊን ብልቃጥ፣ አልኮል ውስጥ ከትቼ አዲስ አበባ ላሉ አንድ ተመራማሪ ላክኋት።

እየከነፍኩ ቤት ገባሁና ለእናቴ ነገርኳት። ሞሚና የሟች እናቷ ስም ነው፣ ደስ ይላታል ብዬ።

«ጉንዳኗ ምን ትሠራለች?» አለችኝ።

«ምንም። ሰው ቤት ገብታ ትበላለች።»

«አቦ! እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታበላ የኖረች ሴት ናት! ስሟን ለቀላዋጭ ሰጠሽው?»

ጀርባዋን ሰጠችኝ። እውነቷን ነው፣ ዘመኑም «በዝባዥ» ከመባል ሌባ መባል የሚሻልበት ነበር። ግን በጣም ከፋኝ። እናቴ ያልተደሰተችበት ክብር ምን ያደርግልኛል?

ሁለት ቀን ዘጋችኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻሿን እያሰረች...

«ካንቺ በፊት ያያት የለም?»

«የለም።»

«ፈረንጆቹም?»

«ፈረንጆቹም፣ እማ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ!»

ብድግ ብላ ከቀበሌ ያመጣችውን የወሩን የኮታ ስኳር አንጠለጠለች። «ነይ አሳዪኝ» አለችኝ። እኛ ዘንድ በዘመድ ስም ልጅ ሲጠራ፣ ልጁን ለማየት ባዶ እጅ አይኬድም።

ደቻቱ ዳር ደርሰን ድንጋዩን ገለጥኩላት። ተንበርክካ ስኳሩን እፍኝ እፍኝ እያደረገች አፈሰሰችላቸው። «እደጊ፣ ሞሚና» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች... ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«የእናቴን ስም አስጠራሽ» አለችኝ።

እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ያን ወር ሻያችንን ያለ ስኳር ጠጣን። እንግዳ ቀምሶ ፊቱን ሲያጨማድድ እናቴ ደረቷን ነፍታ፣ «ስኳሩ የልጄ ሞክሼ ቤት ነው» ትላለች።